የመስቀል ወፍ የት ከረመች?

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ አበው። ሰው ሁሉ እንደ ተወለደበትና እንደ አደገበት አገር ልማድ ይናገራል፣ ይኖራል ለማለት ነው። ተረቱ የተተረተው ስለ ሰው እንጂ ስለ ወፍ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስቀድሞ የታመነ አድርጎ ይነሣል፤ ይኸውም ሰሚው የአገሩን ወፍ ጩኸት ለይቶ ያውቃል የሚል ነው። ዛሬ ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ብቅ ያለ ወዳጅ «አንተ የመስቀል ወፍ!» ተብሎ ሲወቀስ ሁላችንም ሰምተናል፤ ወቅሰናል፣ ተወቅሰናልም። ወቃሹን ግን «ለመሆኑ የመስቀል ወፍ መልኳ ምን ይመስላል? ያየሃትስ የት ነው?» ብለው ቢጠይቁት ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ቃሉ በአፋችን አለ፤ ወፏ ግን ከዓይናችን ርቃለች።

ቃል ከነገሩ በላይ ዕድሜ ሲኖረው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በጋሻ የሚመክት ሠራዊት ካለፈ ዘመን የለውም፤ «ጋሻ መከታ» ማለታችን ግን አልቀረም። በጋሻውና በወፏ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ጋሻው ዘመኑ አልፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወፏ ግን አልሞተችም፤ ከደጃችን አልራቀችም። የራቅነው እኛ ነን ቢባል እውነቱ ይህ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚህችን ወፍና የጎረቤቶቿን ታሪክ በአንድ የአዲስ አበባ ማዕዘን ላይ ይከታተላል። ማዕዘኑ ደቡብ ነው፤ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚል ስም የሚታወቀው ክፍለ ከተማና ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው የፉሪ ወገን። ወቅቱም ዝናቡ አልፎ ምድሪቱ የምታብብበት ወቅት ነው።

ጸደይ የትኛው ነው?

ከወቅቱ ስም እንጀምር፤ ስሙ ራሱ ታሪክ አለውና። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። በዚህ ቀመር መሠረት አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ የምታለብስበት ጊዜ የክረምቱ ጫፍና የመጸው መግቢያ ነው እንጂ ጸደይ አይደለም። በመጸው ውስጥም ከመስከረም 26 ጀምሮ ለአርባ ቀን የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ አለ፤ ጽጌ ማለት አበባ ነውና ሊቃውንቱ ወራቱን በአበባው ሰይመውታል።

እንግዲህ የከተማው ሰው መስከረምን «ጸደይ» ማለት ከየት አመጣው? ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። በፈረንጅ አገር የአበባ ወራት የሚባለው በመጋቢት ማለቂያ ይገባል፤ በእኛ ቀመርም በዚያው ጊዜ የሚገባው ጸደይ ነው። ተርጓሚዎች ወሩን ከወሩ አገናኝተው የእነሱን የአበባ ወቅት «ጸደይ» አሉት። አንባቢው ደግሞ ጸደይ ማለት የአበባ ጊዜ ነው የሚለውን ይዞ፣ የራሱ አገር አበባ የሚፈካው በመስከረም ስለሆነ ስሙን ወደ መስከረም አዞረው። ስሙ ወደ ባሕር ማዶ ሄዶ ሲመለስ ስድስት ወር ተዛንፎ መጣ ማለት ነው።

ይህን ማንሣቴ ለቃል ጠብ አይደለም። ከልዩነቱ በስተጀርባ የተፈጥሮ ሕግ ስላለ ነው። በሰሜኑ ዓለም የአበባ ወቅት ከብርድ መውጫ ነው፤ የአዲስ አበባ የአበባ ወቅት ግን ከዝናብ መውጫ ነው። እዚያ እንስሳው የሚጠብቀው ሙቀትን ነው፤ እዚህ የሚጠብቀው ሣሩ ዘር እንዲቋጥር ነው። የመስቀል ወፍ ምሥጢርም ያለው በዚሁ ነው፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ስሙ የቀረ ዛፍ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማዪቱ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የደቡቡ ወገን ሁለት ስም ተጣምሮ ተሰጠው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአዲስ አበባን ታሪክ አሳጥረው ይናገራሉ። ንፋስ ስልክ የዘመናዊነት ስም ነው፤ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት ሰው በገባው መንገድ «የነፋስ ስልክ» ብሎ ጠራው፣ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። ላፍቶ ግን ከስልኩም ከከተማውም በፊት የነበረ ስም ነው። በኦሮምኛ ላፍቶ ማለት ግራር ነው።

ወደ ምዕራብ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ መካኒሳን ያገኛሉ። መካኒሳ ወይም በካኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ነው፤ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ የሚሆነው፣ አበባው ንብ የሚጠራው፣ ፈሳሹ ለጭርት ይቀባ የነበረው ያ የደጋ ዛፍ። ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ደግሞ ብሔረ ጽጌ አለ፤ በግዕዝ የአበባ አገር ማለት ነው። ግራር፣ ብሳና፣ አበባ! በታክሲ ረዳት አፍ በቀን ሺህ ጊዜ የሚጠሩት እነዚህ ስሞች ሲፈቱ የአንድ ዱር ካርታ ናቸው። ሰፋሪው ሕዝብ ቦታውን የሰየመው በቤተ መንግሥት ወይም በሹም ሳይሆን በዛፉ ነበር። ዛፍ ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ግራር ባለበት ጎጆዋን ከቅርንጫፍ የምታንጠለጥል ሸማኔ ወፍ አለች፤ ብሳና ባለበት ንብ አለ፤ ሣር ባለበት ሚዳቋ፣ ሚዳቋም ባለበት ነብርና ጅብ አይጠፉም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የደቡቡ ሜዳ ከከተማው ውጭ ነበር። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ከፍል ውኃው ወዲያ እስከ ፉሪ ድረስ የተዘረጋው የግጦሽና የእርሻ መሬት፣ በመካከሉም የወንዞቹ ዳር ጫካ ነው። ከዚያ በፊትም ቦታው በጽሑፍ ተጠቅሷል። ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ሸዋ የቆየው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የንጉሡን ዘመቻ ተከትሎ እስከ ፊንፊኔ አካባቢ ወርዶ ነበር። ሃሪስ ተራ መልእክተኛ አልነበረም፤ ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካ የታወቀ አዳኝ ሆኖ ለአውሮፓ ሊቃውንት አዲስ የሆነ ባለ ረጅም ቀንድ ጥቁር የሜዳ እንስሳ እስከ ማስተዋወቅ የደረሰ ሰው ነው። ይህ ለዘመኑ ጠባይ ምስክር ይሆነናል፤ የዚያን ዘመን ተመልካች እንስሳን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በጠመንጃው አፈሙዝ በኩል ነበርና።

ከተማው ሲያድግ መጀመሪያ ያለቀው እንጨቱ ነው። የማገዶው ችግር እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ከመፈታት ያዳናት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከአውስትራሊያ ዘር የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለመግባቱም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ይመሰገንበታል። ባሕር ዛፍ ለሰው ቤትና ማገዶ ሆነ። ለዱር አራዊቱ ግን የግራርንና የብሳናን ያህል ቤት አልሆነም፤ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልምና። በደቡቡ ሜዳ ግራሩ በባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፉም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በጀሞና በአካባቢው በተነሡት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተተካ። ስሙ ግን ላፍቶ እንደ ሆነ ቀረ።

ስም ሰጪዎቹ

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር ሌላውን እንመልከት። በመስከረምና በጥቅምት ማለዳ በደቡብ አዲስ አበባ የሚያልፍ ሰው አንድ ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። ድምፁ ሻካራና ከሩቅ የሚሰማ፣ የሚሳሳቅ የሚመስል ነው። ባለቤቶቹ ቁልቁል የታጠፈ ረጅም ምንቃር፣ በክንፋቸው ላይ ነጭ ምልክት፣ ከጉሮሯቸው ሥር የተንጠለጠለች ቁራጭ ሥጋ ያላቸው ጠቆር ያሉ ትልልቅ ወፎች ናቸው። በመንጋ ሆነው ሣር ላይ ይወርዳሉ፤ በምንቃራቸው መሬቱን እየወጉ ትል ይለቅማሉ። ብዙ ሰው ልብ ሳይላቸው ያልፋል። ልብ የማይለው ነገር ግን እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ በየትም ሥፍራ የማይገኙ መሆናቸውን ነው። የሩቅ አገር ሰው እነርሱን ለማየት ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ከነስማቸው አናውቃቸውም።

በሳይንስ መዝገብ ያስገባቸው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ተመለሰ። ባለፈበት መንገድ ያያቸውን እንስሳት በየዓመቱ በጽሑፍ አወጣ። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን፣ በማጅራቱ ላይ ነጭ ጥምጥም የመሰለ ምልክት ያለውን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ አንገቷ ነጭ የሆነውን የደጋ ርግብ፣ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ፣ ያንን የሚሳሳቅ ወፍም ጭምር ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው እሱ ነው። ከእነዚህ መካከል ቁራውን፣ ርግቧንና ሳቂታውን ወፍ ዛሬም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጣሪያና ሜዳ ላይ ማየት ይቻላል።

ከሩፔል 70 ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ኦስካር ኖይማንና ካርሎ ፎን ኤርላንገር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1900 አዲስ አበባ ገቡ። ጉዟቸውም ለእንስሳት ጥናት ነበር። ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1902 የደጋውን ድኩላ ሲመዘግብ «መኔሊኪ» የሚል ስም ሰጠው። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቆዳ ያለው ይህ ድኩላ እስካሁን በዓለም መዛግብት የምኒልክ ድኩላ ይባላል፤ ከከተማው ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥም አለ።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ነገር የሚናቅ አይደለም፤ ጽፈው ባያስቀምጡልን ብዙው ነገር ይጠፋብን ነበር። ነገር ግን «አገኙ» ሲባል ማን ያላወቀውን ነው ያገኙት? ድኩላውን የመናገሻ ገበሬ ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቁራውማ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ስላልተመለሰ «የቁራ መልእክተኛ» የሚል አነጋገር አትርፎልናል። ገበሬው ያውቃል፤ አልጻፈም። ከተሜው መጻፍ ይችላል፤ አያውቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ስሙን ለእንግዳ ያስረከበው።

ወፏ የትም አልሄደችም

አሁን ወደ መስቀል ወፍ እንመለስ። በየአገሩ በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ይሁንና ስሙ በይበልጥ የሚሰጠው በዚህ ወራት ድንገት አጊጠው ለሚታዩ ጥቃቅን ዘር በል ወፎች ነው። አንዱ ጥቁርና ነጭ ለብሶ ቀይ ምንቃር ያለው፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም ነው። ሌላው ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ የአደይ አበባ ቢጫ የተቀባ ነው። ሌላው እንደ ፍም የቀላ ነው። ሰው በመስከረም ያያቸዋል፤ ኅዳር ሲያልፍ ያጣቸዋል። ስለዚህ «በዓመት አንዴ መጥታ የምትሄድ» ተባለች።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወፏ የትም አልሄደችም። ያ ጌጥ የወንዱ የሠርግ ልብስ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ረጅሙን ጅራት ይጥላል፤ ጥቁሩና ቢጫው ላባ ይረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ ይኖራል። ከፊታችን ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ዘር ይለቅማል፤ እኛ ግን ድንቢጥ ነው ብለን እናልፈዋለን። የመስቀል ወፍ የሚባለው ጠፍቶ የሚመጣ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ኖሮ በመስከረም ብቻ የምናውቀው ነው። «አንተ የመስቀል ወፍ!» ተብሎ የተወቀሰ ሰው እንግዲህ ይህን ቢመልስ መብቱ ነው፦ እኔስ እዚሁ ነበርኩ፤ ያላየኸኝ አንተ ነህ።

ጌጡ በዚህ ወራት የሚወጣበት ምክንያት ዝናቡ ያበቀለው ሣር ዘር የሚቋጥርበት ጊዜ በመሆኑ ነው። ዘር ካለ ለጫጩት ምግብ አለ፤ ምግብ ካለ ማግባትና መፈልፈል ይቻላል። ባለ ረጅም ጅራቱ ወፍማ ጎጆም አይሠራ፤ ሴቲቱ እንቁላሏን ምንቃራቸው ቀይ ሰም በሚመስል ጥቃቅን ወፎች ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ እነርሱም ከራሳቸው ጫጩቶች ጋር ያሳድጉላታል። ስለዚህ ይህ ወፍ እንዲኖር ሣር ብቻ ሳይሆን በሣሩ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት ጎረቤቶቹም መኖር አለባቸው። ጎረቤት ከሌለ የመስቀል ወፍ የለም።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝ አገር አንድ ሰው እናንሣ። ጊልበርት ዋይት ሴልቦርን በምትባል የገጠር መንደር ይኖር የነበረ ቄስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በመንደሩ ዙሪያ እየተመላለሰ ያየውን ወፍ፣ ትልና አበባ ከነቀኑ ይመዘግብ ነበር፤ መዝገቡም እ.ኤ.አ. በ1789 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአገራቸው በወቅቱ መግቢያ በእግር ወጥቶ ያዩትን መጻፍ የተከበረ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ዋይት ግን አንድ ነገር እስከ መጨረሻው አወዛግቦታል። በብርድ ወራት የቤት ጣሪያ ሥር ጎጆ የሚሠሩት ባለ መንታ ጅራት ወፎች ወዴት ይጠፋሉ? ብዙዎቹ ወደ ሞቃት አገር እንደሚሄዱ ቢረዳም ጥቂቶቹ እዚያው በየስንጥቁ ተደብቀው እንደሚያንቀላፉ ማመኑን ሙሉ በሙሉ አልተወም ነበር።

ነገሩ ሲገናዘብ ያስደንቃል። እንግሊዛዊው ቄስ የሄደችውን ወፍ «እዚሁ ተደብቃለች» አለ፤ እኛ ደግሞ እዚሁ ያለችውን ወፍ «ሄዳለች» አልን። የእርሱ ወፍ በዚያን ጊዜ የት ነበረች ቢባል አፍሪካ ነበረች። ዛሬም በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓ የሚወርዱት እነዚያው ባለ መንታ ጅራቶች በደጋችን ላይ በትንኝ መንጋ መካከል ሲቀዝፉ ይታያሉ። ከብት በሚግጥበት መስክም ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን ሳታቋርጥ የምትወዛውዝ ትንሽ ወፍ ከላሞቹ እግር ሥር ስትሮጥ ይታያል፤ እሷም የዚያው ወገን መንገደኛ ናት። እንግዲህ እውነተኛ የዓመት እንግዶቻችን እነዚህ ናቸው፤ «የመስቀል ወፍ» የሚለው ስም ለእነርሱ ይገባ ነበር።

ከብሔረ ጽጌ እስከ ፉሪ

በጥቅምት ማለዳ ወፍ ጭጭ ሳይል ተነሥቶ ከብሔረ ጽጌ መናፈሻ ወደ ለቡና ወደ ሃና ማርያም፣ ከዚያም ወደ ፉሪ ተራራ ግርጌ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የከተማው ታሪክ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይገለጣል። በመናፈሻው ዛፎች መካከል ቁራውና ሳቂታው ወፍ አሉ። ጭልፊት ከሰማይ እየዞረ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ቁራጭ ይጠብቃል። ከቤቶቹ አልፎ ያልታጠረ ቦታ ሲደርስ ሣሩ ይጀምራል፤ በሣሩ ጫፍ ላይ ባለ ረጅም ጅራቱ ወፍ ለሴቶቹ በአየር ላይ ሲወዛወዝ ይታያል። የፍልፈል አፈር ክምር ካለ ቀና ብሎ ምሰሶዎቹን መመልከት ነው፤ ጅራቱ ቀይ፣ ደረቱ ነጭ የሆነ አዳኝ ወፍ ፍልፈሏ ብቅ እስክትል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዛሬ በሸገር ከተማ አከፋፈል ውስጥ የገባው የፉሪ ወገን ላይ ሲደርስ ደግሞ ጤፉ መልክ መለወጥ ጀምሯል፤ ሌሊት ሌሊት የጅብ ድምፅ ከዚያ ወገን ይሰማል።

ትንሹ አቃቂ ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚናገረው። ከምዕራቡ ተራራማ ወገን ወርዶ መካኒሳንና ላፍቶን እያቋረጠ ከታላቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። በመንገዱ የፋብሪካውን፣ የቆዳ ማልፊያውንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ሁሉ ይሸከማል። አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ የተገደበ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ አቁሞ ከ46 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ርዳታ ታድሶ እንደገና ተነሣ። የሐይቁ ዳርና የአቃቂ ረግረግ ለውኃ ወፎች ታላቅ ማረፊያ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዝግቧል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ግራጫ ረጃጅም ወፎች ከኅዳር ወዲህ በታጨደው ማሳ ላይ በመንጋ ይወርዳሉ። ውኃው ላይ ግን እምቦጭ ተንሰራፍቷል፤ ይህ አረም በአገራችን መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በቆቃና በአዋሽ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው።

የጥንብ አንሳ ትምህርት

አንዳንድ አንባቢ «ሰው ቤት አጥቶ ሳለ ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት ነው» ሊል ይችላል። ክርክሩ ተራ ስላልሆነ ተራ መልስ አይበቃውም። ስለዚህ ከውበት ሳይሆን ከጥቅም እንነሣ።

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ አጠገብ ቄራ አለ። በቄራ ዙሪያ አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ ጣሪያ ላይ ተኮልኩለው ማየት የኖረ ነው። ሰው ይጸየፋቸዋል። እነርሱ ግን ደመወዝ ሳይጠይቁ የወደቀውን ሥጋ ሁሉ ያነሣሉ። በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሦስት ዓይነት ጥንብ አንሳ ቁጥር በመቶ 95 እጅ በላይ ተመናመነ። ምክንያቱ ለዓመታት ካወዛገበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፤ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱን የተወጋ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ጥንብ አንሳው ሲጠፋ ሬሳው ለውሾች ተረፈ፤ ውሻው በዛ፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችም ከሰላም አይደሉም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች አራቱን ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ተርታ አስገብቷቸዋል። ከአራቱ አንዱ በከተማችን ጣሪያ ላይ የሚያርፈው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ነው፤ ሌላው ደግሞ በዚያው በሩፔል ስም የሚጠራው ነው። ዋና ምክንያቱ መርዝ ነው። ለውሻ ወይም ለጅብ የተቀመጠ መርዝ በጥንብ አንሳው ላይ ያበቃል። ስለ ወፍ ማውራት እንግዲህ ስለ ጤናችን ማውራት ነው።

ሕግ አለ፣ ሣር ግን?

በአገራችን ስለ ዱር እንስሳት ሕግ አልወጣም አይባልም። የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ታዋቂው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሀክስሌ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑክ መጥቶ ስለ ጥበቃው ምክር አቀረበ፤ ብሔራዊ ፓርኮችም ከዚያ በኋላ ተከታትለው ተቋቋሙ። የሰሜን ተራሮችና የአዋሽ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ጸኑ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ አዕዋፍን ማጥናትና ማስተማሩን ይዟል።

ይህ ሁሉ ግን የታሰበው ለሩቅ ዱር ነው፤ ለዋልያው፣ ለአንበሳው፣ ለዝሆኑ። በሰፈር መካከል ላለ ባለቤት አልባ ሣር ጠበቃ የለውም። ከተማው ስለ አረንጓዴ ሥፍራ አላሰበም ማለትም አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት ሥራ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው። ወንዙ ከጠራ ለላፍቶም ለአባ ሳሙኤልም ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። በየሳምንቱ የሚታጨድ መስክ ለዓይን ያምራል፤ ዘር ግን አይቋጥርም። ዘር ከሌለ ቀይ ምንቃሮቹ ትንንሽ ወፎች የሉም፤ እነርሱ ከሌሉ ባለ ረጅም ጅራቱ እንቁላሉን የሚያስቀምጥበት ጎጆ የለም። የመስቀል ወፍን የሚያጠፋት ጠመንጃ ሳይሆን የሣር ማጨጃ ነው። መድኃኒቱም ቢሆን ውድ አይደለም። በመናፈሻው ጥግ፣ በወንዙ ዳር፣ በትምህርት ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አንዲት ቁራጭ ሣር ከክረምት እስከ ኅዳር ሳትታጨድ ብትቆይ ይበቃል። ግራርና ብሳና በስማቸው በሚጠሩት ሰፈሮች መልሰው ቢተከሉ ደግሞ ላፍቶ ላፍቶን፣ መካኒሳም መካኒሳን ይመስላል።

ሁለተኛው መድኃኒት ከዚህም ይቀላል፤ መጻፍ ነው። የእኛ ደብተራ ባሕረ ሐሳብ ቀምሮ የወቅቱን መግቢያ ቀን አስልቶ ያውቃል፤ እረኛው ደግሞ የትኛው ወፍ በየትኛው ሳምንት እንደሚያጌጥ ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው አያውቁም። የላፍቶ ተማሪ በደብተሩ ጀርባ «ጥቅምት 3፣ ባለ ረጅም ጅራቱን ከለቡ ወንዝ ዳር አየሁት» ብሎ ቢጽፍ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ቢደግመው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ደብተር የታሪክ ሰነድ ነው። የጎረቤት አያት ሽማግሌ ያንን ሳቂታ ወፍ በልጅነታቸው ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር ጠይቆ ስሙን ቢጽፍም እንዲሁ። እስካሁን የጻፉልን እንግዶች ናቸው። እነርሱ አልፎ ሂያጅ ስለ ነበሩ ያዩት ወፍ በሄዱበት ወር የነበረውን ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ያለችውን ወፍ መጻፍ የሚችለው ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ያለ ሰው ብቻ ነው።